ከመፍታትዎ በፊት ይለኩ፦ የኤም 3ን የኋላ ጎሚኒ በቤት መቀየር

ኢ 46 የሚባለውን የቢኤምደብሊው ኤም 3 ትውልድ የሚነዳ ሰው አንድ ቀን የመኪናው ኋላ አልታዘዝ ይለዋል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪውን ሳይነካው ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ትላለች። ኩርባ ውስጥ ገብቶ ነዳጁን ድንገት ሲለቅ ኋላዋ ሊያመልጥ እንደሆነ ሁሉ ይነቃነቅና ተመልሶ ይረጋጋል። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ጎማ ላይ ይወድቃል፤ ሁለተኛው አሞርዛተር ላይ። ሁለቱም ውድ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም የሉበትም። ጥፋቱ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት፣ ከወለሉ ሥር የተደበቀ፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ የላስቲክና የብረት ቁራጭ ነው። ጋራዥ ውስጥ ጎሚኒ ይሉታል፤ ዕቃ መሸጫ ቤት ቡሺንግ።

ይህን ጎሚኒ በቤት ደጅ መቀየር ይቻላል። ደህና መሣሪያ፣ አንድ ሙሉ ቀንና ትዕግሥት ይበቃል። ሥራውን ስለሞከሩ ሰዎች የሚወራው አብዛኛው ነገር አሮጌውን ስለማውጣት ትግል ነው፤ እውነትም ትግል አለው። እኔ ግን ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለሌላ ነገር ነው፦ አዲሱ ጎሚኒ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚወሰነው የሚያስረው ብሎን በጠበቀበት ሰዓት ጎማውን የሚይዘው ክንድ በነበረበት አንግል ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ጥሩ ዕቃ ገዝቶ፣ ቀኑን ሙሉ ለፍቶ፣ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ክሪክ ይዞ ይወጣል።

ነገሩ እንዲገባን መጀመሪያ ከመኪናዋ ሥር ያለውን አሠራር እንይ። ኢ 46 ኤም 3 ከ2000 እስከ 2006 የተመረተች፣ ባለ 3.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ሞተር ያላት፣ በአውሮፓ ስሪቷ 343 የፈረስ ጉልበት የምትሰጥ፣ በኋላ ጎማ የምትነዳ መኪና ናት። የኋላ ሰስፔንሽኗ መሠረቱ በ1989 መመረት በጀመረችው ትንሿ ዜድ 1 ላይ የታየው አሠራር ነው፤ ከዚያ በ1990 ወደ ኢ 36፣ ቀጥሎም ወደ ኢ 46 ተሻገረ። በየጎኑ እያንዳንዱን የኋላ ጎማ የሚይዙት ሦስት ክንዶች ናቸው። ሁለቱ ከላይና ከታች ወደ ጎን የተዘረጉ ሲሆኑ ጎማው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እንዳይሄድ ይይዙታል። ሦስተኛው ትሬሊንግ አርም የሚባለው ነው፤ ከጎማው ተነሥቶ ወደ መኪናዋ ፊት ይሄዳል፣ የጎማውን ማዕከልም ራሱ ተሸክሟል። የዚህ ክንድ የፊተኛው ጫፍ ክብ ዓይን አለው። ጎሚኒው በዚያ ዓይን ውስጥ በጉልበት ተጨምቆ ገብቷል። ከጎሚኒው ግራና ቀኝ አንድ የብረት ማቀፊያ አለ፤ ወፍራም ብሎን ማቀፊያውንና ጎሚኒውን በመሃል ሰንጥቆ ያያይዛል፤ ማቀፊያው ደግሞ በሦስት ብሎኖች ከመኪናዋ ወለል ጋር ይታሰራል።

እንግዲህ ሲፋጠኑ ጎማው መኪናዋን ወደፊት የሚገፋበት ኃይል፣ ፍሬን ሲይዙም ወደ ኋላ የሚጎትትበት ኃይል ዋናውን መንገድ የሚያደርገው በዚህ ላስቲክ በኩል ነው። ላስቲኩ በሥራ ጊዜ አይንሸራተትም፤ ይህን ልብ ይበሉ። ከውስጥም ከውጭም ጥብቅ ብሎ ስለተያዘ ክንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ላስቲኩ ራሱ ይጠመዘዛል፣ ሲመለስ ይፈታል። ቅባት የማያስፈልገው ለዚህ ነው። ሲያረጅ ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ይላላል፤ የክንዱ ጫፍ ወደ ጎን መላወስ ይጀምራል።

ያ መላወስ ምን ያህል ጉዳት አለው? ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ከጎሚኒው እስከ ጎማው መሃል ያለውን ርቀት ለምሳሌ ያህል 45 ሳንቲሜትር እንበለው። የክንዱ የፊት ጫፍ 2 ሚሊሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢሄድ ጎማው ሩብ ዲግሪ ያህል ይዞራል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 33 ሜትር ይጓዛል፤ ሩብ ዲግሪ የዞረ ጎማ ብቻውን ቢሆን ኖሮ በዚያች አንድ ሰከንድ 15 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ጎን ይሄድ ነበር። በእርግጥ ብቻውን አይደለም፤ ሌሎቹ ሦስቱ ጎማዎች ይከራከሩታል። ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ሆኖ የሚሰማው ያን ክርክር ነው። ኋላ ላይ 255 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጎማ የታሰረባት መኪና ስለሆነች ደግሞ የጎማው መልእክት ጎልቶ ይመጣል። በተራ የቤተሰብ መኪና ሳይታወቅ የሚያልፍ ነገር እዚህ አያልፍም።

ምልክቱን ለማረጋገጥ መኪናዋን ከፍ አድርጎ ከሥሯ ማየት ያስፈልጋል። የላስቲኩ ላይ ላዩን የሚታይ ቀጭን መሰንጠቅ ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ ዕድሜ ያለው ላስቲክ ሁሉ ፊቱ ይሸበሸባል። የሚፈርደው እንቅስቃሴው ነው። በክንዱ ዓይንና በማቀፊያው መካከል ረጅም የብረት መፈልቀቂያ አስገብተው ወደ ጎን ይግፉት። ጤነኛ ጎሚኒ ትንሽ ይሰጥና በራሱ ጉልበት ይመልሳል፤ የሞተው ይሄድና እዚያው ይቀራል፣ አንዳንዴም ብረት ከብረት ሲነካ ይሰማል። የኋላ ጎማው የውስጥ ጠርዝ ከውጩ ቀድሞ ተበልቶ ከሆነ ጥርጣሬውን ያጠናክራል። ጀርመን አገር የሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ በየሁለት ዓመቱ በሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ ላይ መርማሪው ይህንኑ ሲያደርግ አይተው ይሆናል።

ከሥሯ ገብተው ሳለ አንድ ሌላ ነገር ሳያዩ አይውጡ። ኢ 46 ሰብፍሬም የሚባለው፣ ወደ ጎን የተዘረጉትን የኋላ ክንዶች የሚሸከመው የብረት ማዕቀፍ ከወለሉ ጋር በሚታሰርባቸው ቦታዎች ቆርቆሮው በመሰንጠቅ የታወቀ መኪና ነው። በደህና መብራት ብሎኖቹ አካባቢ ያለውን ቀለምና ብየዳ ይመርምሩ። ስንጥቅ ካገኙ የጎሚኒው ጉዳይ ለጊዜው ይቆይ፤ የወለሉ ጥገና የብየዳ ባለሙያ ሥራ ነውና።

አሁን ዕቃው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በስሜት ይገዛል፤ "ፈጣን መኪና ስለሆነች ጠንካራ ጎሚኒ ይግባላት" ይባላል፣ ከዚያ ደማቅ ቀለም ያለው የፖሊዩሬቴን ጎሚኒ ይታዘዛል። ለዚህ ቦታ ይህን አልመክርም። ምክንያቱ ከጂኦሜትሪው ይመጣል። ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ጎን የተዘረጉት ሁለት ክንዶች በየራሳቸው ቅስት ላይ ስለሚሄዱ ጎማውን ትንሽ ወደ ጎን ይጎትቱታል። ስለዚህ የትሬሊንግ አርሙ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች መዞር ብቻ አይበቃውም፤ በጥቂቱ ወደ ጎንም ማዘንበል አለበት። ላስቲክ ይህን ይፈቅዳል። ደረቅ ፖሊዩሬቴን ግን ያንቀዋል፤ ክንዱ ይጣበቃል፣ ድምፅ ያወጣል፣ ፖሊዩሬቴኑም ጠርዙ እየተበላ ያልቃል። ለውድድር የሚሠሩ ሰዎች በሉል ቅርጽ የሚዞር የብረት መገጣጠሚያ ያስገባሉ። በሁሉም አቅጣጫ ስለሚዞር አያንቅም፤ ነገር ግን የመንገዱን ጠጠር ሁሉ ወደ ጆሮ ያመጣል። መንገድ ላይ ለምትውል መኪና ዋናው የፋብሪካ ዓይነት የላስቲክ ጎሚኒ ይበቃል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ከጎሚኒው ግራና ቀኝ የሚገቡ፣ የጎን መላወስን የሚገድቡ ስስ ሮንዴላዎች አሉ፤ ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ ጥቅማቸው ይታወቃል። ግራና ቀኙን አብረው ይቀይሩ። ራሱን የሚቆልፈውን ዳዶም አዲስ ይግዙ፤ አንዴ የተፈታውን መልሶ ማሰር ቁጠባ አይደለም።

ስለ ማንሣት። በኋላ ጎማ የምትነዳ መኪና ኋላዋ ሲነሣ የእጅ ፍሬንም ማርሽም ምንም አይይዙም፤ ሁለቱም የሚይዙት አየር ላይ ያሉትን የኋላ ጎማዎች ነውና። መሬት ላይ ያሉት የፊት ጎማዎች ነጻ ናቸው። ስለዚህ ታኮ ከፊትም ከኋላም ሳይገባላቸው ክሪክ አይነካም። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን ብረት በክሪክ ብቻ ቆሞ ከሥሩ አይገባም፤ መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ ይሁን፣ ሁለት የብረት መቆሚያዎች በትክክለኛው የማንሻ ነጥብ ሥር ይቀመጡ፣ ከዚያ መኪናዋን በእጅ ገፋ ገፋ አድርገው ይሞክሯት። እንዲህ ያለ ቦታ ለሌለው፣ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ ከተሞች መኪና ማንሻ በሰዓት የሚከራይባቸው ጋራዦች አሉ፤ ኪራዩ አያስቆጭም። ጀርመን ላሉት ደግሞ ቀኑን ይምረጡ፤ እሑድ በሕግ የተጠበቀ የዕረፍት ቀን ነው፣ መዶሻ የሚያነሣ ሰው ከጎረቤት ጋር ይጣላል።

ከማንሣትዎ በፊት ግን ሜትር ይያዙ። መኪናዋ በአራቱም ጎማዋ ደልዳላ መሬት ላይ ቆማ፣ ከኋላ ጎማው መሃል ነጥብ ተነሥተው በቀጥታ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ይለኩና ይጻፉ፤ ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ። ይህ ቁጥር የመኪናዋ የቁመት ልክ ነው። ከዚያ መኪናዋን አንሥተው በመቆሚያው ላይ ያሳርፉ፣ ጎማውን ያውልቁ። አሁን ክንዱ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ምንም ብሎን ሳይፈቱ በሁለተኛ ክሪክ ክንዱን ከሥር ቀስ ብለው ከፍ ያድርጉት፤ የማዕከሉ ነጥብና የፓራፋንጎው ከንፈር የጻፉት ርቀት ላይ ሲደርሱ ያቁሙ። ክሪኩ መኪናዋን ከመቆሚያው ማንሣት ከጀመረ ወዲያው ይመለሱ፤ ሻንጣው ውስጥ ክብደት መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። በዚህ ቁመት ላይ ሳለ ማቀፊያውንና ክንዱን አቋርጦ የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በነጭ የቀለም ብዕር ያስምሩ። አካባቢው በጭቃና በዝገት የተሸፈነ ስለሚሆን አስቀድመው በሽቦ ብሩሽ ካላጸዱት መስመሩ ሥራው ሳያልቅ ይጠፋል። ከቀለሙ በተጨማሪ በሹል ብረት ጫር ቢያደርጉት አስተማማኝ ነው። ማቀፊያው ወለሉ ላይ የተቀመጠበትንም ዙሪያ እንዲሁ በቀለም ያክብቡት፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚህ በኋላ መፍታቱ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ብሎኖቹን በዝገት ማላቀቂያ ፈሳሽ ማራስ ይጠቅማል፤ በተለይ ክረምት መንገዱ ላይ ጨው በሚረጭበት አገር የኖረች መኪና ከሆነች። በክንዱ ላይ የተያያዙትን የፍሬን ቱቦ፣ የእጅ ፍሬን ገመድና የሴንሰር ሽቦ ከመያዣቸው ያላቅቁ፤ ክንዱ ሲወርድ የፍሬን ቱቦው ተወጥሮ መሸከም የለበትም። ሦስቱን የማቀፊያ ብሎኖች ሲፈቱ የክንዱ የፊት ጫፍ ከነማቀፊያው ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ የመሃሉ ብሎን ይፈታና ማቀፊያው ይወጣል። ብሎኑ ከየትኛው ጎን እንደገባ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ።

አሮጌው ጎሚኒ አሁን ፊት ለፊት ይታያል። ከመንካትዎ በፊት ከክንዱ ዓይን በየጎኑ ምን ያህል እንደወጣ በካሊፐር ለክተው ይጻፉ፣ በየት አቅጣጫ እንደተቀመጠም ምልክት ያድርጉ። ማውጫው መሣሪያ ቀላል ነው፦ ባለጥርስ ወፍራም ዘንግ፣ በአንድ በኩል ጎሚኒውን የሚቀበል የብረት ኩባያ፣ በሌላው በኩል የሚገፋ ክብ ብረት፣ ዳዶ። ዳዶውን ሲያጠብቁ ጎሚኒው እየተሳበ ኩባያው ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ምንም የሚንቀሳቀስ አይመስልም፤ ከዚያ ድንገት ጧ ብሎ ይለቃል፣ ያን ጊዜ ያስደነግጣል እንጂ ክፉ አይደለም። መነጽር ያድርጉ። አንዳንዱ ሰው ላስቲኩን በእሳት ያቃጥለዋል። ይህን አያድርጉ፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ የነዳጅ ታንከሩና የነዳጅ ቧንቧዎቹም ሩቅ አይደሉም። መዶሻም ቢሆን የክንዱን ዓይን ያጎብጣል።

የክንዱን ዓይን ውስጡን ከዝገት አጽድተው በእጅዎ ይዳስሱት፤ ሹል ነገር ካለ አዲሱን ላስቲክ ይላጨዋል። አዲሱን ለማስገባት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ በጥብጦ መቀባት ይበቃል። ግሪስና የሞተር ዘይት ግን አይነካው፤ የነዳጅ ዘር የሆነ ቅባት ላስቲክን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። ጎሚኒው ሲገባ ዘንበል እንዳይል የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊሜትሮች ላይ ይጠንቀቁ። ጠምሞ ከጀመረ አውጥቶ እንደገና መጀመር ይሻላል፤ በጉልበት አይቃናም። በካሊፐር የጻፉት ልክ ላይ ሲደርስ ያቁሙ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ደረስን። ማቀፊያውን መልሰው ብሎኑን ካስገቡ በኋላ ሳያጠብቁ፣ ቀደም ሲል ያሰመሩት መስመር በማቀፊያውና በክንዱ ላይ ፊት ለፊት እስኪገጥም ማቀፊያውን ያዙሩት። በዚያ አቋም ይያዙትና ብሎኑን ያጥብቁ፤ ልኩ 110 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ ለምን አስፈለገ? ክንዱ ተንጠልጥሎ ሳለ እንደነገሩ ቢጠብቅና ያ መንጠልጠል ከለኩት ቁመት 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ያለ ቢሆን፣ ቅድም በያዝነው የ45 ሳንቲሜትር ልክ ላስቲኩ መኪናዋ ዝም ብላ ቆማ እንኳ 12 ዲግሪ ያህል ተጠምዝዞ ይኖራል፤ ተጨምቆ እንደተተወ የታጠበ ልብስ። መኪናዋ ጉድጓድ ላይ ስትዘል ሌላ 10 ሳንቲሜትር ቢጨመር ወደ 25 ዲግሪ ይጠጋል። በትክክለኛው አንግል የጠበቀ ጎሚኒ ግን ሲቆም ዕረፍት ላይ ነው፤ ከዕረፍቱ ተነሥቶ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ይሄዳል። "አዲስ ጎሚኒ አስገብቼ ወዲያው ተቀደደ" ለሚል ቅሬታ ፋብሪካውን ከመውቀስ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ብሎኑ በየትኛው ቁመት ላይ ጠበቀ የሚለው ነው። በዚህ መኪና ደግሞ ማቀፊያው ወለሉ ላይ ከታሰረ በኋላ የመሃሉን ብሎን በደህና ቁልፍ ማግኘት ያስቸግራል፤ አንግሉ አስቀድሞ፣ ውጭ ላይ መወሰን ያለበት ለዚህ ነው።

መስመሩ ገጥሞ ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ክንዱን በክሪክ ከፍ አድርገው ማቀፊያውን ወለሉ ላይ ያሳርፉት። አንግሉ ትክክል ከሆነ ክንዱ የለኩት ቁመት ላይ ሲደርስ ማቀፊያው ሳይታገል ወለሉ ላይ ለጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ይህ ራሱ ጥሩ ማረጋገጫ ነው። ሦስቱን ብሎኖች ሁሉንም በእጅ ከጀመሩ በኋላ በቀለም በከበቡት ክልል ውስጥ ማቀፊያውን አስተካክለው በ77 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ቀዳዳዎቹ ሞላላ ናቸው፤ ማቀፊያው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያይበት መጠን፣ ቶ የሚባለው፣ የሚስተካከለው በዚሁ መንሸራተት ነው። ቀለሙ የሚረዳዎት መኪናዋን በዝግታ አላይመንት ቤት ለማድረስ ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ አያምኑት። የፍሬኑን ቱቦ፣ ገመዱንና ሽቦውን ወደ መያዣቸው ይመልሱ፤ የጎማ ብሎኖቹን መሬት ላይ ካወረዷት በኋላ በ120 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ።

ኤም 3 የሌለው አንባቢ እስካሁን ያነበበው በከንቱ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ በብዛት የምትታየው ቶዮታ ቪትዝ የኋላ ሰስፔንሽኗ እጅግ ቀላል ነው፤ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ተሻጋሪ ብረት ከፊት በሁለት ትልልቅ ጎሚኒዎች ተይዟል። ልፋቱና ዋጋው ይለያያል፣ የላስቲኩ ጠባይ ግን አንድ ነው። ጋራዥ ወስደው ሲያስቀይሩ ሠራተኛው ብሎኑን መኪናዋ ተንጠልጥላ ሳለ ሊያጠብቅ ከሆነ፣ መሬት ላይ ካረፈች በኋላ እንዲያጠብቀው በትሕትና ይጠይቁት። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የመጨረሻው ወጪ አላይመንት ነው፤ ይህን በቤት ለመሥራት አይሞክሩ። የሚሠራልዎት ሰው ከኋላ እንዲጀምር ይንገሩት። የፊት ጎማዎች የሚስተካከሉት ኋላዎቹ በሚገፉበት አቅጣጫ መሠረት ስለሆነ፣ ፊቱን ብቻ አስተካክሎ የሚሰጥ ቤት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሥራው ሲያልቅ የታተመውን ወረቀት ይቀበሉ። የኋላ ግራና የኋላ ቀኝ ቶ ሁለቱም በፋብሪካው ገደብ ውስጥ፣ እርስ በርሳቸውም ተቀራራቢ መሆናቸውን ሳያዩ ቁልፉን አይቀበሉ።